ሦስት ጭረት ያለው ቆርቆሮ

ማንኪያ የብረት ሳህን ሲፍቅ የሚያወጣውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልወደውም። ሠርግ ቤት ልሁን ለቅሶ ቤት፣ አንድ ሰው ሳህኑን ጥርግ አድርጎ ሲጨርስና ማንኪያው ከሥሩ ሲንኳኳ፣ ጆሮዬ ወዲያው የዶሮ ሩጫ ይጠብቃል፣ ሦስት ዶሮዎች ክንፋቸውን ከፍተው በደረቅ አፈር ላይ ሲመጡ። ሰው የልጅነቱን ድምፅ ሲሰማ ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔን ደስ አይለኝም። ይህን ድምፅ ስሰማ የሚመጣብኝ ታናሽ ወንድሜ ደጉ ነው፣ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው፣ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ሳለሁ እሱን የማብላት ሥራ የተሰጠኝና ያልቻልኩበት።

ቤታችን ሸዋ ሮቢት ነበር፣ ከደሴ መንገድ ወደ ወንዙ ዝቅ ብሎ፣ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት፣ ከጓሮው አንድ የፓፓያ ዛፍና በእንጨት የተሠራ የዶሮ ቆጥ። አባታችን አዋሽ ወርዶ ጥጥ እርሻ ላይ ይሠራ ስለነበር የምናየው ለበዓል ብቻ ነበር፤ እናቴ በለጡ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌሮች በሚያድሩበት አንድ ሆቴል አንሶላ ታጥብ ነበር፣ ጎህ ሲቀድ ወጥታ፣ አመሻሹ ላይ እጇ በበረኪና ተላልጦ ትመለሳለች። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሁለት ነገር ትታልኝ ትሄድ ነበር፣ የዶሮዎቹን እህልና የደጉን ሳህን። የከሰዓት ተማሪ ስለነበርኩ እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ቤቱ በእኔ እጅ ነው፤ ከዚያ ደጉን ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘሀራ አስረክቤ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ።

የዶሮዎቹ መስፈሪያ ከሆቴሉ ወጥ ቤት የመጣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ነበር። እናቴ ውስጡን በሚስማር ሦስት ቦታ ጭራዋለች፣ ከታች፣ ከመሀልና ከላይ፤ ፊደል አልቆጠረችም፣ የወራቱን ጠባይ ግን በዚያ ቆርቆሮ ላይ ጽፋ ጨርሳ ነበር። ከሦስቱ ዶሮዎች ቀይዋና ነጯ የእኛ ናቸው፤ ገብስማዋ የእትዬ ዘሀራ ነበረች፣ በርቢ የሰጡን፣ እኛ እየቀለብናት የምትፈለፍላቸውን ጫጩቶች እኩል ልንካፈል። እትዬ ዘሀራ ወላጆቻቸው ከአሊዩ አምባ የወረዱ፣ ያዩትን ነገር ውጠው የማያድሩ ሴት ነበሩ። ዶሮዬን ልይ እያሉ በቀን ሁለቴ ብቅ ይሉ ነበር፣ የሚያዩት ግን ቤቱን ሁሉ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ የመሀሉ ጭረት ይበቃል። ሜዳው ፌንጣ፣ አጥሩ ሥር ምስጥ ስለሆነ ዶሮዎቹ ሲጭሩ ውለው ጠግበው ይገባሉ፣ እናቴም «ከሜዳ የሚያገኙትን ከእኛ አፍ ነጥቀን አንሰጣቸውም» ትል ነበር። ኅዳር ገብቶ ማሽላው ሲታጨድ ወደ ላይኛው ጭረት እንወጣለን፤ ፌንጣው ይጠፋል፣ ማሽላው ይረክሳል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፣ የሮቢት ብርድ ብርድ ከተባለ። «ብርድ እህል ይበላል፤ ገላቸውን የሚያሞቁት በሆዳቸው ነው» ትለኝ ነበር፤ እኔም እስከ ጥር መጨረሻ ቆርቆሮውን እስከ ላይ እየሞላሁ፣ ዶሮዎቹም እየጣሉ፣ ቤታችን ትንሽ ደህና ይሰነብት ነበር። ክረምቱ የራሱ ጭረት አልነበረውም። ዶፍ የጣለ ቀን መውጣት ስለማይችሉ ይጨመርላቸዋል፣ ፀሐይ የወጣ ቀን ይቀነሳል፣ ያን እናቴ ሰማዩን አይታ ነበር የምትወስነው።

በጭረት ብቻም አትተማመንም ነበር። አመሻሽ ላይ ከሆቴል ስትመለስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳትሰቅል፣ ቆጥ ላይ የሰፈሩትን ዶሮዎች አንድ በአንድ አንስታ ደረታቸውን በሁለት ጣቷ ትዳብሳለች፤ የደረቷ አጥንት የሾለ ዶሮ ተርባለች፣ አጥንቷ ሥጋ ውስጥ የጠፋ ዶሮ ደህና ናት። «ዶሮ አፍ የላትም፤ የሚናገረው ደረቷ ነው» ትለኝ ነበር። ይህን የማወራው እናቴ ምን ያህል ታውቅ እንደነበር እንዲታወቅልኝ ነው። በኋላ የሆነውን ሰምቶ ሞኝ ነበረች የሚል ሰው ካለ ከእኔ ጋር ይጣላል።

ሁዳዴ ሲገባ እኛ ቤት እንቁላል የሚበላ አይኖርም፣ ስለዚህ እናቴ ቀይዋን አሥራ ሁለት እንቁላል አሳቀፈቻት። የታቀፈች ዶሮ በቀን አንዴ ወርዳ፣ ጥቂት ለቀም ለቀም አድርጋ፣ ውሃ ጠጥታ ተመልሳ ትተኛለች፤ ለእሷ ተብሎ ከቆርቆሮው አንድ እፍኝ ይቀነሳል። ደጉ ብቻ ጾም የማያውቅ ስለነበር ነጯ የምትጥለው ይቀቀልለት ነበር። ያን ጊዜ ደጉ ይበላል። የማሽላ ገንፎውን፣ የሽሮ ፍትፍቱን፣ እንቁላሉን ሙልጭ አድርጎ ከበላ በኋላ በማንኪያው ሳህኑን ኳ ኳ ያደርገዋል፣ ድገሚኝ ማለቱ ነው። ካልተደገመለት ሳህኑን ይዞ ጓሮ ድረስ ይከተለኝና እየመታ ያሳብደኝ ነበር፤ «ኧረ በቃህ አንተ ሆዳም» እለው ነበር፣ አፌን በቆረጠው።

ፋሲካ አለፈ፣ ሙቀቱም ገባ። የቆላ ሙቀት ለማያውቀው ሰው ማስረዳት አይቻልም፤ ቆርቆሮ ክዳኑ ሥር መቀመጥ ምጣድ ሥር እንደመቀመጥ ነው፣ ውጭ ያለው ነፋስም ያው የሚያቃጥል ነው። ዶሮዎቹ ምንቃራቸውን ከፍተው እያለከለኩ፣ ክንፋቸውን ከጎናቸው አራርቀው፣ ከፓፓያው ጥላ ጋር እየዞሩ ይውላሉ፣ እህሉን ከፊታቸው ብትበትነውም ዞር ብለው አያዩትም። ይህን ጊዜ ወደ ታችኛው ጭረት ነው የምንወርደው። እህሉን መስጠት በጀመርኩበት ዓመት ፈርቼ «እማ፣ ታመዋል መሰለኝ» ስላት ስቃ፣ «ሙቀት የዘጋውን ሆድ ዝናብ ይከፍተዋል፤ ውሃ ብቻ እንዳይጎድልባቸው እንጂ አታስጨንቂያቸው» ብላኝ ነበር፣ እውነትም ሰኔ ላይ ዝናቡ ሲጥል ተከፈተላቸው። ይህን ነገር እንደ አቡነ ዘበሰማያት ያዝኩት።

ደጉም ያኔ ነው ምግብ መተው የጀመረው። መጀመሪያ ሲሶውን ተወ፣ ከዚያ ግማሹን። እናቴ አመሻሽ ላይ የተረፈውን ሳህን አይታ «ሙቀቱ ነው፤ እንኳን ሕፃን ዶሮም ትታለች» አለች፣ ግን ልቧ አላረፈምና ወደ እኔ ዞራ፣ «አንቺም እየተጫወትሽ ነው የምታበይው፤ ነገ ይቺ ሳህን ባዶ ሆና ካላየኋት እንተያያለን» አለችኝ። የእናቴን ቁንጥጫ የሚያውቅ ያውቀዋል። በማግስቱ ዘፈንኩለት፣ አዘልኩት፣ ማንኪያውን መኪና ነው ብዬ በአፉ ዙሪያ ነዳሁለት፤ ደጉ አፉን ግጥም አድርጎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የትምህርት ሰዓት እየደረሰ ስለነበር ሳህኑን ደጃፍ ላይ አስቀምጬ ደብተሬን ልፈልግ ገባሁ፣ ስመለስ ነጯ ሳህኑ ውስጥ ቆማ ገንፎውን ስትለቅም አገኘኋት። አላባረርኳትም፣ ቆሜ አየሁ።

ማታ እናቴ ባዶውን ሳህን ስታይ ፊቷ በራ። «ጨረሰልሽ?» አለችኝ።

«ጨረሰ» አልኳት።

«የኔ ጎበዝ፤ ልጅ ማሳደግ ተማርሽ እኮ» ብላ ግንባሬን ሳመችኝ። ያ ስሞሽ ነው ያጠፋኝ ብል ውሸት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ የሰው አንሶላ አጥባ የመጣች ሴት ደስ ብሏት የምትተኛበትን ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ደጉ አራት አምስት ማንኪያ ከቀመሰ በኋላ ፊቱን ሲያዞር አልታገለውም፤ ሳህኑን ይዤ ጓሮ እወጣና በማንኪያ እየፋቅኩ እገለብጥላቸዋለሁ። ማታ እራቱን ሲተው እናቴ ቀን ጠግቧል ትላለች። ዶሮዎቹ ማሽላቸውን በዚያ ሙቀት ንቀው ትተው፣ ገንፎውንና ፍትፍቱን ግን ይሻሙበት ነበር፤ ለስላሳና እርጥብ ነው፣ ደረቅ እህል ያልገባለት ጉሮሮ እሱን አይጠላም። ሳምንት ሳይሞላ የማንኪያውን ድምፅ ለዩት። እንቁላሉን አልሰጣቸውም ነበር፣ እንቁላል የቀመሰች ዶሮ የራሷን ሰብራ ትበላለች ስለሚባል። እንቁላሉን እኔ በላሁት።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የእኔ እየቀለለኝ መሄዱ ነው ዛሬ የሚያስፈራኝ። ክፉ ልጅ አልነበርኩም። ደጉን እወደው ነበር፣ ጀርባዬ ላይ ሲተኛ የእኔ ልጅ ይመስለኝ ነበር። ግን እናቴ ሙቀቱ ነው ብላለች፣ ዝናብ ሲጥል ይከፈትለታል፣ እስከዚያ እሷም አታዝን እኔም አልቆነጠጥ፣ ዶሮዎቹም ይጠግባሉ፣ ማን ተጎዳ? ዘጠኝ ዓመት የሞላው አእምሮ ይህን ይዞ በሰላም ያድራል።

ግንቦት ሲጋመስ የደጉ አንገት ቀጠነ፣ ጆሮው ትልቅ መሰለ፣ ከሰዓት በኋላ ከሰዓት በኋላ ይሞቀውና ማታ ይለቀው ነበር። በሮቢት ግንቦት ማን አይሞቀውም። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እትዬ ዘሀራ ገብስማዋን ልይ ብለው ገቡና፣ እሳቸው ዘንድ ሲውል ሲከነክናቸው የሰነበተውን ልጅ እናቴ ጭን ላይ እንደተኛ ትክ ብለው አዩት። ዓይኑን ገለጥ አድርገው፣ እጁን ወደ ብርሃን ዘርግተው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

«በለጡ፣ ይህ ልጅ ገርጥቷል፤ ጤና ጣቢያ ውሰጂው» አሏት።

«እየረዘመ እኮ ነው እትዬ ዘሀራ፤ ልጅ ሲረዝም ይከሳል» አለች እናቴ።

«መርዘም እንዲህ አያነጣም።»

«ምግቡን ይጨርሳል እኮ። ይኸው እህቱን ይጠይቋት፣ አንድም ቀን አያስተርፍም። የሚበላ ልጅ ምን ይሆናል ብለው ነው?»

እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ ዞሩ። ሁለቱም አዩኝ። እኔ ደጉን አየሁት፣ ደጉ ጣሪያውን ያይ ነበር። «ይጨርሳል» አልኩ። እትዬ ዘሀራ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው «እንግዲህ ከበላ፣ አላህ ያሳድገው» ብለው ተነሡ። ከዚያ ቃል በኋላ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ፣ ብዙም ነገር ተናግሬአለሁ፤ መልሼ ልውጠው የምፈልገው ግን ያንን አንዱን ነው።

እናቴን ያስጠረጠራት ነገር ከልጁ አልመጣም፣ ከዶሮዎቹ ነው የመጣው። ግንቦት ዶሮ የሚጥልበት ወር አይደለም፤ እህል የተወች ዶሮ በሦስት በአራት ቀን አንድ ብትጥል ተመስገን ነው። ያን ዓመት ነጯም ገብስማዋም በሙቀቱ መሀል በየቀኑ ማለት ይቻላል ጣሉ። መጀመሪያ ደስ አላት፤ «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው፤ የእኛዎቹ ምን አልመው ነው?» እያለች ትቀልድ ነበር። ከዚያ መቀለዱን ተወች። ማታ ማታ ደረታቸውን ዳብሳ፣ ደግማ ዳብሳ ታስቀምጣቸውና የተረፈውን ማሽላ ታያለች፣ የታችኛው ጭረት ራሱ ግማሹ ሳይነካ ይተርፋል። ያልበላች ዶሮ ሰብታለች፣ ይህ ነገር በቆርቆሮው ሒሳብ አይመጣም።

ሰኔ ሚካኤል አልፎ በሁለተኛው ቀን በረኪናው እጇን ክፉኛ ስለላጠው ሆቴል ሳትሄድ ቀረች። ጠዋት ደጃፍ ላይ በርጩማ አውጥታ፣ እጇን በቅባት ለቅልቃ ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። ለዶሮዎቹ እኔ ልስጥ ብላ በአንድ እጇ ቆርቆሮውን አንሥታ አንቀጨቀጨችውና ማሽላውን በተነችላቸው፤ አንዷም ከጥላው አልተነሣችም። እኔ ውስጥ ነበርኩ፣ ደጉን እያበላሁ። ከሦስት ማንኪያ በኋላ ፊቱን አዞረ። እናቴ ደጅ መኖሯን አልረሳሁም፤ ሳህኑን ልሸፍነው ብዬ ነበር ያነሣሁት፣ ማንኪያው ከእጄ አምልጦ ሳህኑ ላይ ወደቀና ኳ አለ።

ሦስቱም ዶሮዎች ከጥላው ተነሡ። ቀይዋ ጫጩቶቿን ጥላ፣ ነጯና ገብስማዋ ክንፋቸውን ከፍተው፣ የተበተነውን ማሽላ ረግጠው፣ በእናቴ እግር መሀል አልፈው ቤት ገቡና እኔ ፊት ቆመው አንገታቸውን አቀኑ። እናቴ ከበርጩማዋ ላይ ዞራ አየች። ዶሮዎቹን አየች፣ በእጄ ያለውን ሙሉ ሳህን አየች፣ እኔን አየች። ዶሮን ሲደልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ እኛ ቤት የተደለለችው እናቴ ነበረች፣ ነጋሪዎቿም ዶሮዎቹ ሆኑ።

አልመታችኝም። ደጉን ከምንጣፉ ላይ አነሣችው፣ በሁለት እጇ ወደ ላይ ከፍ አድርጋ መዘነችው፣ ከዚያ ሸሚዙን ገልጣ በዚያ በተላላጠ ጣቷ ደረቱን ዳበሰችው፣ ማታ ማታ እንደምታደርገው። ጣቷ ከአጥንት አጥንት ሲያልፍ እኔም አየሁት። «ወይኔ ልጄን» አለች፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ከዚያ በነጠላዋ አዝላው ወጣች፤ እኔም ባዶ እግሬን ተከተልኳት። ጋሪ ተሳፍረን ጤና ጣቢያ ሄድን።

ደሙን ወስደው አዩ። የመረመረው ሰው ወጣት ነበር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ወባ ነው፤ ቆይቶበታል፣ ደሙም አልቋል» አላት። «ምግብ የተወው ከመቼ ወዲህ ነው?»

እናቴ ወደ እኔ ዞራ «እሷ ናት የምታውቀው» አለች፣ ምንም ቁጣ በሌለበት ድምፅ። «ንገሪው።»

«ከፋሲካ ወዲህ» አልኩ።

ሰውየው ጻፈው። ያን ቀን ደጋ ወዳለው ሆስፒታል ተላኩ፣ እኔ እትዬ ዘሀራ ዘንድ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ረፋዱ ላይ እናቴ ተመለሰች። ነጠላው ውስጥ ደጉ ነበር፣ ግን አላዘለችውም፣ ፊት ለፊት ታቅፋው ነበር፣ ያኔ ገባኝ። አባቴ የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው።

ዝናቡ የጣለው ሐዘን ላይ ሳለን ነው። ድንኳን አልተጣለም፤ ለሕፃን ማን ድንኳን ይጥላል፤ ጎረቤቱ ቤታችን ተቀምጦ ሳለ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮ ክዳኑ ላይ አንድ ሁለት ጠብታ ተሰማ፣ ከዚያ ዶፍ ሆነ፣ የአፈሩ ሽታ በበሩ ገባ። ሴቶቹ «እፎይ» አሉ። በማግስቱ ዶሮዎቹ ሆዳቸው ተከፍቶ ይዋከቡ ጀመር፣ ልክ እናቴ እንዳለችው፣ እንደየዓመቱ። ቆርቆሮውን የሚያነሣ ሰው አልነበረም። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ አመጣችውና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «እስከ መሀሉ» አለችኝ፤ ሄጄ በተንኩላቸው።

እነዚያን ዶሮዎች መጥላቴን ማንም አያውቅም ነበር። የወንድሜን ምግብ በልተው ሰብተው፣ ላባቸው አብረቅርቆ በግቢው ይንጎራደዱ ነበር። ነሐሴ ላይ የዶሮ ፈንግል ገባ። የሰፈሩ ሰው እንደ ልማዱ ሳይሞቱ ብሎ ግማሹ አረደ፣ ግማሹ ገበያ አወጣ፣ በሽታውም ከዶሮዎቹ ጋር ገበያ ወጥቶ ወደ ሌላው ሰፈር ሄደ። የእኛዎቹ አንገታቸው መጠማዘዝ ሲጀምር እትዬ ዘሀራ መጥተው «በለጡ፣ ቶሎ አሳርጃቸው፤ ስለ ገብስማዋም ለእኔ አትበይ» አሏት። እናቴ ግን «የእነዚህ ሥጋ በጉሮሮዬ አያልፍም» አለች። በአራት ቀን ውስጥ ጫጩቶቹም ሳይቀሩ አለቁ። ደስ አለኝ፣ ደስ አለኝ ነው የምለው። ጉድጓድ ቆፍሪ ብላኝ ከፓፓያው ሥር ስቆፍር መጥታ አጠገቤ ቆመችና፣ ስለ ደጉ በሕይወቷ ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ ተናገረችኝ። «ሙቀቱ ነው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አለች። «አንቺ ደበቅሽኝ፣ እኔ ደግሞ አመንኩሽ። ዝናብ ስንጠብቅ ጊዜው ሄደ።» ከዚያ አካፋውን ከእጄ ወስዳ እሷ ጨረሰችው።

አሁን እዚያው ሮቢት የዶሮ መኖ ሱቅ አለኝ። መኖው በጆንያ ይመጣል፣ ለአንዲት ዶሮ በቀን ስንት እንደሚበቃ የሚያሳይ ወረቀት አብሮት ይመጣል፣ የሚስማር ጭረት የሚፈልግ የለም። ሙቀት ሲገባ ደንበኞች «ምን ያህል ልቀንስላቸው?» ይሉኛል። አይቀንሱ እላቸዋለሁ፣ ሰዓቱን ይለውጡት፣ ፀሐይ ሳትወጣና ከጠለቀች በኋላ ይስጧቸው፣ ቀን ቀን ትንሽ በውሃ ያርሱላቸው። ካልበላች ግን ሙቀት ነው ብለው አይተዉአት፤ ይያዟትና ደረቷን ይዳብሷት እላለሁ። አንዳንዱ ይህቺ ሴትዮ ነገር ታበዛለች ብሎ ይሄዳል።

እናቴ አርጅታለች፣ ያን ግቢ ለቅቄ አልሄድም ብላ ብቻዋን ናት፣ አራት ዶሮ አላት። ሁልጊዜ ጠዋት ወደ ሱቅ ስሄድ ምሳዋን በምሳ ዕቃ አደርስላታለሁ፤ ማታ ስመለስ ምሳ ዕቃው ታጥቦ ተገልብጦ ይጠብቀኛል። «ጨረስሽው?» እላታለሁ፣ «ጨረስኩት፣ እጅሽ ይባረክ» ትለኛለች፤ እኔም ደስ ብሎኝ እሄዳለሁ። ከፋሲካ በኋላ ፊቷ ከሳ ያለ ሲመስለኝ እንኳ የሚበላ ሰው ምን ይሆናል ብዬ ነበር። በእነዚሁ ቃላት ማሰቤን ያወቅኩት በኋላ ነው።

ባለፈው እሑድ፣ ግንቦት ጋል ባለበት፣ ሱቁን ዘግቼ ከእሷ ጋር ልብላ ብዬ ሄድኩ። ከምሳ ዕቃው ለእሷ አወጣሁላት፣ የቀረውን ለራሴ በሳህን አድርጌ ስጨርስ ሳላስበው በማንኪያ ፋቅኩት። አራቱም ዶሮዎች ከጓሮ እየተሯሯጡ፣ እኔ ያመጣሁት መኖ ሞልቶ የተቀመጠበትን ዕቃ አልፈው ቤት ገቡ፤ እግሬ ሥር ቆመው አንገታቸውን አቀኑ። እናቴን አየኋት። እሷ ዶሮዎቹን አላየችም፣ ግድግዳውን ነበር የምታየው፣ ከፊቷ ያለው ምግብ ዳርዳሩ ብቻ ተነክቷል።

«እማ» አልኳት።

«ሙቀቱ ነው ልጄ» አለችኝ። «አንቺ እንዳታዝኚ ብዬ ነው።»

ተነሥቼ አጠገቧ ሄድኩና እጄን ከነጠላዋ ሥር ሰድጄ ትከሻዋን፣ ከዚያ ደረቷን በሁለት ጣቴ ዳበስኳት። አልከለከለችኝም፤ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት። ጫማዋን አደረግኩላትና ባጃጅ ጠራሁ። «ዝናቡ ይጣል እንጂ እኮ…» ብላ ጀምራ አልጨረሰችውም፤ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ጤና ጣቢያው ዛሬም ያኔ ከነበረበት ቦታ ነው ያለው። በባጃጅ ለመድረስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ያኔም ቢሆን በጋሪ ሩቅ አልነበረም።